የባትሪ ክፍሉ ቡናማ ብረቶች

እኔ ባጠብኩት ብርጭቆ ላይ ዝንብ ብታርፍ ያዳልጣታል እያሉ ይቀልዱብኝ ነበር። አልቀየምም፤ እንዲያውም ደስ ይለኝ ነበር። ድሬዳዋ ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የላብራቶሪ ሠራተኛ ሆኜ ስቀጠር የሃያ ሦስት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ዘመኑ የደርግ ነው። የምሥራቁ ጦርነት ካበቃ ገና ጥቂት ጊዜው ነው፤ ባቡሩም ተቋርጦ ከርሞ ወደ ጅቡቲ መመላለስ ጀምሯል። የተረከብኩት ክፍል ስድስት ረጃጅም ጠረጴዛዎች፣ ሁለት ቁም ሣጥን ሙሉ ብርጭቆና አንድ ውድ ዕቃ ነበረው።

ውዱ ዕቃ ውሃን በኤሌክትሪክ የሚሰነጥቅ የመስታወት መሣሪያ ነው። ሦስት ቱቦዎች ጎን ለጎን ቆመዋል፤ በሁለቱ ሥር ከአውራ ጣት ጥፍር የማይበልጡ ሁለት የፕላቲኒየም ቅጠሎች አሉ። አሲድ ጠብ የተደረገበት ውሃ ይሞላና ኤሌክትሪክ ሲለቀቅበት ከአንዱ ቅጠል ሃይድሮጅን፣ ከሌላው ኦክስጅን እየተንቦለቦለ ይወጣል። ፕላቲኒየም ዋጋው ከወርቅ ጋር የሚወዳደር ማዕድን ነው። አሲድ አይበላውም፤ ራሱም ሳያልቅ ውሃው ቶሎ እንዲሰነጠቅ ያደርጋል። ከእኔ በፊት የነበሩት ህንዳዊ መምህር መሣሪያውን በዓመት አንድ ቀን ያወጡትና ስልሳ ተማሪ ከሩቅ እንዲያየው ያደርጉ ነበር። እኔም በተራዬ እዚያው ስማር ያየሁት ውሃ ሲሰነጠቅ ሳይሆን ከፊቴ የተቀመጠውን ረጅም ልጅ ጆሮ ነው።

የሰበርኩት እኔው ነኝ። አንድ ቅዳሜ ረፋድ አንደኛው ቅጠል ላይ ነጠብጣብ የመሰለ ነገር አየሁ። ሌላ ሰው ቢሆን ያልፈው ነበር፤ እኔ ግን ጨርቅ አርሼ ጠረግሁት። አልለቅ ሲለኝ ጠበቅ አድርጌ ጠረግሁት። ቅጠሉን ከመስታወቱ ጋር ያያዘችው እንደ ፀጉር የቀጠነች ሽቦ ቀጭ ብላ ተበጠሰች። ቅጠሉን በመዳፌ ይዤ ወንበሩ ላይ ቁጭ አልኩና እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

ዳይሬክተሩ ክፉ ሰው አልነበሩም። ለአዲስ አበባ ደብዳቤ ጻፉልኝ፤ መልሱም “የውጭ ምንዛሪ ሲፈቀድ” የሚል ሆኖ መጣ። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይህ ነው። ችግሩ ግን የመለዋወጫው ብቻ አልነበረም። የትምህርት ቤቱ ወጣቶች ማኅበር ሊቀመንበር ለውይይት ክበብ የሚሆን ሰፊ ክፍል ሲፈልግ ከርሞ ነበርና ወሬው እንደ ደረሰው ዓይኑን በእኔ ክፍል ላይ ጣለ። “ተግባራዊ ትምህርት የማይሰጥበት ላብራቶሪ ሥራ ፈት ክፍል ነው” አለ በስብሰባ ላይ። በመጨረሻ ከትምህርት ጽሕፈት ቤት አንድ ኃላፊ ባሉበት ኮሚቴ መጥቶ ክፍሉን በሥራ ላይ እንዲያይ ተወሰነ። ተማሪ በእጁ የሚሠራበት ሆኖ ከተገኘ ላብራቶሪው ይቀጥላል። አለዚያ ጠረጴዛዎቹ ይወጡና አግዳሚ ወንበር ይገባል፤ እኔም ወደ መዝገብ ቤት እዛወራለሁ። የተሰጠን ጊዜ ስድስት ሳምንት ነበር።

የኬሚስትሪ ክፍል ኃላፊው መምህር ሐሳብ አመጣ። ከቆመው የትምህርት ቤቱ ላንድሮቨር ባትሪውን እንፈታለን፤ ስድስት የማርማላታ ብርጭቆዎችን በሽቦ አከታትለን እናያይዛለን፤ ለእያንዳንዱ የተማሪ ቡድን አንድ ብርጭቆ ይደርሰዋል። የባትሪው አሥራ ሁለት ቮልት ለስድስት ሲካፈል ለእያንዳንዱ ብርጭቆ ሁለት ቮልት ይሆናል። ሁለት ቮልት ውሃን ለመሰንጠቅ ይበቃል፤ ግን ብዙም አይተርፈውም፤ ስለዚህ ውስጡ የሚገባው ብረት ሰነፍ ከሆነ ወዲያው ይጋለጣል። “የተበጠሰውን የፕላቲኒየም ቅጠል በመቀስ ለስድስት እንሸነሽነውና በሃይድሮጅኑ በኩል እናደርገዋለን። በኦክስጅኑ በኩል የሚሆን ሌላ ብረት አንቺ ፈልጊ” አለኝ። መቀሱን ጠረጴዛዬ ላይ ትቶልኝ ሄደ።

አባቴ በባቡሩ ጋራዥ የባትሪ ክፍል ሠራተኛ ነበር። የፉርጎዎቹን መብራት የሚያበሩትን ባትሪዎች የሚሞላና የሚያድስ እሱ ነው። ሱሪው አሲድ የበላው ወንፊት፣ የጣቶቹ ዳር ምንጊዜም ቡናማ ነው። ትምህርት ቤት ሰዎች ስለ አባቴ ሲጠይቁኝ “ባቡር ላይ ነው የሚሠራው” ብዬ ቶሎ ወሬ እቀይር ነበር። ይህን ስጽፍ ዛሬም ፊቴ ይሞቃል።

በዚያን ሰሞን ማታ ራት ላይ ጭንቀቴን ስነግረው እንጀራውን እንደ ያዘ እጁ አየር ላይ ቀረ።

“ታዲያ ይሄ እኛ ጋራዥ የሚፈላው አይደል እንዴ?” አለኝ።

“የቱ?”

“አቦ፣ ባትሪው ሲሞላ! ሲጠግብ ይፈላል። ውሃው በየቀኑ ይጎድላል፣ እኛ እንጨምራለን። የት የሚሄድ ይመስልሻል? ተሰንጥቆ በመስኮት ይወጣል።”

መማሪያ መጽሐፉ ላይ በሥዕል ያጠናሁትን ነገር አባቴ ለሃያ ስምንት ዓመታት በየቀኑ ሲሠራው ኖሯል። አንድም ቀን ጠይቄው አላውቅም። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል።

በሳምንቱ ከሞተ ባትሪ ውስጥ የወጡ፣ በኒኬል የተለበጡ አሥራ ሁለት ስስ ብረቶችን አመጣልኝ። እኔም ደስ ብሎኝ እንደ ለመድኩት አሲድ ባለበት ውሃ ውስጥ ከተትኳቸው። ሰኞ የከተትኩት ብረት ማክሰኞ ውሃውን አረንጓዴ አድርጎ፣ ራሱ ተበልቶ ጠበቀኝ። አባቴ ሲሰማ ሳቁ ጎረቤት ድረስ ተሰማ።

“ይሄ እኮ የፖታሽ ልጅ ነው! አሲድ ውስጥ ጨምሪው ማን አለሽ?”

ነገሩ ለካ እነሱ ዘንድ ሕግ ነበር። በባትሪ ክፍሉ አንዳንዱ ባትሪ የአሲድ፣ አንዳንዱ ደግሞ የአሲድ ተቃራኒ የሆነው የፖታሽ ነው። የአሲዱ ማንቆርቆሪያ ቀይ፣ የፖታሹ ነጭ ቀለም ተቀብቶ በመሃላቸው ግድግዳ ቆሟል። ማንቆርቆሪያ ተሳስቶ ግድግዳውን የተሻገረ ሠራተኛ ሳምንቱን ሙሉ ለሁሉም ሻይ ይጋብዛል። “አንቺ የወር ሻይ አለብሽ” አለኝና ሌላ ብረትና ፖታሽ አመጣልኝ።

አሁን ነገሩ የገባኝ መሰለኝ። ብረቶቹ ግን መልካቸው አላማረኝም፤ ቡናማ ነገር ለብሰዋል። በሎሚ፣ በአመድ፣ ቀጥሎም በደቻቱ ወንዝ አሸዋ ፈገፈግኳቸው፤ እንደ አዲስ ሳንቲም አብረቀረቁ። ፖታሹን በተጣራ ውሃ በጥብጬ ሞላሁ፣ ባትሪውን አገናኘሁ። ደወል ሲደወል ጋዙ የሚጠራቀምበት የሙከራ ቱቦ ገና እኩሌታ ላይ ነው። ቆሻሻ ቀርቶ ይሆናል ብዬ በማግስቱ ይበልጥ ፈገፈግሁ። እኩሌታም አልደረሰ። በሃይድሮጅኑ በኩል የፕላቲኒየሙን ቅጠል ሰክቼ ሞከርኩ፤ ለውጡ ከቁጥር የሚገባ አልነበረም፤ እግር የሚጎትተው በኦክስጅኑ በኩል ያለው ብረት ነው። አራት ሳምንት አልቋል። መቀሱ ጠረጴዛው ላይ ያየኛል።

እሑድ ከሰዓት አንዱን ብርጭቆ በነጠላዬ ጠቅልዬ ቤት ወሰድኩት። አባቴ ብረቱን አውጥቶ ወደ ፀሐይ ሲያዞረው ፊቱ ተለወጠ።

“ማነው እንዲህ ያራቆተው?”

“እኔ ነኛ። አጥቤው ነው።”

“አጥበሽው አይደለም፤ ገፈሽው ነው! ቡናማው ቆሻሻ መሰለሽ? ቆዳው እኮ ነው። እኔን ሥራ ያስለመዱኝ ሱማሌው ሽማግሌ መጀመሪያ የነገሩኝ ምን ነበር? ‘አለቅልቅ እንጂ አትፈግፍግ።’ አዲስ ሠራተኛ ሁሉ እዚህ ላይ ነው የሚሳሳተው፤ ላሳምር ብሎ ያበላሸዋል።”

ንዴቴ መጣ። “አባዬ፣ እኔ የተማርኩት ይህን ነው። ቆሻሻ ብረት ንጹሕ ውጤት አይሰጥም።”

“እንግዲያው ትምህርትሽን እዚህ አምጪው፤ ወላሂ፣ ጎን ለጎን እናስቀምጠዋለን።”

በማግስቱ ከሥራ ሲመለስ ከባትሪ የወጡ፣ ማንም ያልነካቸው ሁለት ቡናማ ብረቶችና በጠርሙስ የተቀዳ አሮጌ ፖታሽ ይዞ መጣ። ፖታሹ ለዓመታት በዛገ የብረት በርሜል ስለ ተቀመጠ ቀለሙ ቀጭን ሻይ መስሏል። ግቢያችን ውስጥ ልብስ የምናጥብበት ድንጋይ ላይ የእሱንና የእኔን ብርጭቆ አጠገብ ለአጠገብ አቁመን፣ አባቴ ባመጣት ባለ ሁለት ቮልት ባትሪ ላይ ለየብቻ አገናኘናቸው። አባቴ ሻይ ቀድቶ ተቀመጠ። ሻዩን ሳይጨርስ የእሱ ቱቦ ሞላ። የእኔ፣ ያ የሚያብረቀርቀው፣ አንድ ጣት አልሞላም።

አባቴ የቀረችውን ሻይ ጨለጣት። እኔም ብርጭቆዬን ደፋሁና “ነገ አሥራ ሁለት እንዲህ ያለ አምጣልኝ” አልኩት።

ምክንያቱን ያወቅሁት ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው። ከዛገው በርሜል የሚሟሟው እጅግ ጥቂት ብረት ኒኬሉ ላይ ሲያርፍ ኦክስጅን የሚወጣበትን መንገድ ያቀልለታል። እኔ ዓይኔ ያልወደደውን እየፈገፈግሁ የምጥለው ፕላቲኒየምን የሚተካውን ነገር ነበር። ያኔ ግን ይህን የሚነግረኝ መጽሐፍ አልነበረኝም፤ የነበረኝ የአባቴ ቃል ነው። እውነቱን ለመናገር ፕላቲኒየሙን በሃይድሮጅኑ በኩል መልሼ ስሞክረው ከቡናማው ብረት ቀድሟል። የቀደመው ግን በጥቂት ነው፤ ለዚያች ጥቂት ተብሎ ደግሞ እንዲያ ያለ ውድ ቅጠል አይሸነሸንም። መቀሱን ለኬሚስትሪ ኃላፊው መለስኩለት። ለሁለት ሳምንት እነዚያኑ አሥራ ሁለት ብረቶች በየቀኑ አሠራኋቸው፤ እያለቀለቅሁ ብቻ። አልደከሙም። እኔ ግን በኩራት ብዛት እንቅልፍ አጣሁ።

ኮሚቴው የሚመጣው ሐሙስ በአራት ሰዓት ነበር። ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ክፍሉን ስከፍት የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪዎች ቀድመውኝ ገብተዋል። ዘበኛው ነው የከፈተላቸው፤ እንግዳ ስለሚመጣ ላብራቶሪውን እናሳምር ብለው ለምነውት። ወለሉ ታጥቧል፣ መስኮቱ ተወልውሏል። የክፍሉ አለቃ የሆነችው ልጅ ፊቷ እያበራ ወደ ጠረጴዛው ጎተተችኝ።

“ቲቸር፣ ይዩት! ፊትዎን ያሳይዎታል!”

አሳየኝ። በአሥራ ሁለቱም ብረቶች ላይ ፊቴን አየሁ። በሎሚና በአመድ ፈግፍገዋቸዋል። ሻይ የመሰለውን ፖታሽም “ቆሽሿል” ብለው ደፍተው በተጣራ ውሃ የተበጠበጠ ንጹሕ ሞልተውበታል። ለመጮህ አፌን ከፈትኩ። ወዲያው ዓይኔ ግድግዳው ላይ አረፈ፤ “ንጹሕ ዕቃ፣ ንጹሕ ውጤት” ይላል፣ በእኔው የእጅ ጽሑፍ፣ በቀይ ቀለም። ልጆቹ ያደረጉት ያስተማርኳቸውን ነው። ስለ ቡናማው ነገር አንድም ቀን አልነገርኳቸውም። ከባትሪ ክፍል ሠራተኛ የሰማሁት ነው ማለት አልፈለግሁማ።

በከዚራ ሰፈር ዛፎች ሥር እስከ ጋራዡ በር ድረስ ሮጥኩ። ሰው ዞር ብሎ ያየኝ ነበር፤ ግድ አልነበረኝም። ዘበኛው አባቴን ጠራልኝ። እየተርበተበትኩ ነገርኩት። ሰምቶ ሲጨርስ ሱሪውን ቁልቁል አየና “ልብሴን ልቀይር እንዴ?” አለኝ።

“ጊዜ የለም፣ አባዬ። እንዳለህ ና።”

ነጩን ማንቆርቆሪያ ከበርሜሉ ሞልቶ አብሮኝ መጣ። ላብራቶሪው ሲገባ ልጆቹን በእጅ ሰላም አላቸው፤ ከዚያ ወሬ አላበዛም። ንጹሑን ፖታሽ ደፍቶ የራሱን ሞላ። ከኪሱ በወረቀት የተጠቀለለ የዝገት ዱቄት አውጥቶ በየብርጭቆው ቆንጠር ቆንጠር አደረገ። ባትሪውን አገናኘ። መጀመሪያ አረፋው ስስ ነበር። “ቆዳ እስኪያበቅል ይሥራ፤ አትንኩት” አላቸው። ልጆቹ ጠረጴዛዎቹን ከበው ቆሙ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ የብረቱ ብልጭታ መደብዘዝ ጀመረ፤ አረፋውም ጠና። አለቃዋ ልጅ “ገባኝ” ስትል ሰማኋት፤ ማንም ምንም ሳያስረዳት።

ኮሚቴው ከሰዓቱ ቀደም ብሎ ደረሰ። አባቴ ለመውጣት ጊዜ ስላላገኘ ማንቆርቆሪያውን እንደ ያዘ ቁም ሣጥኑ ጥግ ቆመ። የኬሚስትሪ ኃላፊው ትምህርቱን ጀመረ፤ ስድስቱ ቡድኖች ሠሩ። ደወሉ ሳይደወል ስድስቱም ቱቦዎች ሞሉ። ተማሪዎቹ ክብሪት ጭረው ወደ ቱቦው አፍ ሲያስጠጉ ጷ! ጷ! እያለ ስድስት ጊዜ ፈነዳ፤ በየቱቦው አፍ ላይ ጤዛ ታየ፤ የተሰነጠቀው ውሃ ተመልሶ ነው። ሊቀመንበሩ ሳይቀር ከወንበሩ ተነስቶ “እኔም ልሞክር” አለ። ሁለት ጊዜ ሞከረ። በዚያ ክፍል ከዚያ በኋላ ወገቡን ይዞ የቆመ፣ የጓደኛውን ጆሮ ያየ ተማሪ አልነበረም፤ እነዚያ አሥራ ሁለት ብረቶችም እኔ ትምህርት ቤቱን እስክለቅ ድረስ ሠርተዋል።

የትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ወደ ሊቀመንበሩ ዞረው “ጓድ፣ ለውይይት ክበቡ ሌላ ክፍል ይፈለግ” አሉ።  ከዚያ ማስታወሻቸውን ከፍተው “ያለ ፕላቲኒየም ይህን ያገኘው ማነው?” ብለው ጠየቁ።

ዳይሬክተሩ ወደ እኔ አዩ። የኬሚስትሪ ኃላፊውም ወደ እኔ አየ። ዝም ብል ምስጋናው የእኔ ነበር።

“እኔ አይደለሁም” አልኩ። በጣቴ ወደ ቁም ሣጥኑ ጥግ አመለከትኩ። “እሳቸው ናቸው፤ የባቡር ባትሪ ክፍል ሠራተኛ። ብረቱም ፖታሹም ከእሳቸው የመጣ ነው። አባቴ ናቸው።”

ያ ሁሉ ሰው በአንድ ጊዜ ወደ እሱ ዞረ። አባቴ ደሙ ከፊቱ ሸሸ። ማንቆርቆሪያውን ወለሉ ላይ አስቀመጠ፣ እጁን ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተ፣ በአራት የታጠፈ ወረቀት አውጥቶ ከፍ አድርጎ ያዘው። 

“ወረቀት አለኝ፣ ጓዶች! የመንግሥት ንብረት አልነካሁም። የተጣለ ነው፤ አለቃችን ሼፉ ፈርሞልኛል፣ ይኸው ማኅተሙ። ልጄ ምንም አታውቅም። የሚጠየቅ ካለ እኔ ነኝ፤ እሷ ምንም አታውቅም።”

 በዚያ ዘመን በኮሚቴ ፊት ጣት የተቀሰረበት ሰው ምን እንደሚሰማው ሁላችንም እናውቅ ነበር። እኔ ላመሰግነው ነው ጣቴን የቀሰርኩት። ግን በሰው ፊት ስሙን በደግ አንስቼለት የማላውቅ ልጁ ብድግ ብዬ “እሳቸው ናቸው” ስል ምን መስሎት ይሆን? ለእያንዳንዷ ቁራጭ ብረት ሳይነግረኝ ወረቀት ሲያስፈርም ከርሟል፤ አንድ ቀን ይጠይቁኝ ይሆናል ብሎ፣ እኔ ላይ እንዳይመጣ ብሎ።

የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ወረቀቱን ተቀብለው እስከ ታች አነበቡት፤ አጥፈውም በሁለት እጃቸው መለሱለት። “አባት፣ ማንም አልከሰስዎትም። ልጅዎ እያመሰገነችዎት ነው” አሉት።

አባቴ እሳቸውን አላየም። ወረቀቱን እንደ ያዘ እውነት መሆኑን ለማወቅ እኔን አየኝ። እንዳላመነ ሳይ በተማሪዎቹ መሃል አልፌ ፊቱ ድረስ ሄድኩና ድምፄን ከፍ አድርጌ ደገምኩለት፤ “ያስተማርከኝ አንተ ነህ፣ አባዬ። ይህን ሁሉ የሠራኸው አንተ ነህ።”

ወረቀቱን ኪሱ የመለሰው ያኔ ነው።